ከሰሉ የገባባቸው ሌሊቶች

ታኅሣሥ 19፣ ጠዋት

ፍየሎቹን አወጣሁ። ውሃ ቀዳሁ። ጣቴ እርሳስ አልይዝ አለኝ፣ ከብርድ። ይሄ የዓረብ አገር አል-ሐርስ ተራራ ነው እንጂ ቆላ አይደለም። ታች ጂዛን ሰው ማራገቢያ ከፍቶ ይተኛል፣ እኛ እዚህ ጥርሳችን ይንገጫገጫል።

ትናንት የአሠሪዬ፣ የከፊሌ ልጅ የመብራት ሒሳብ ፋቱራ ይዞ መጣ። ዓሚ ይመር፣ ያንተ አንድ ክፍል ከኛ ቤት በለጠ እኮ፣ አለ እየሳቀ። ሳቁ አልጣመኝም። ያዋሱኝን የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነቀልኩ፣ ሽቦውን ጠቀለልኩ፣ እስከ ደጃቸው ተሸክሜ አስረከብኩ። ኧረ ቀልዴን ነው፣ መልሰህ ውሰድ፣ አለ። ኸላስ፣ በቃ አልኩት። ይመር የሰው መብራት በላ አይባልም።

ታኅሣሥ 20

ብልሃት አያልቅብኝም፣ ደብተር፣ አትስጋ። አልጋውን ከውጭው ግድግዳ አራቅሁ፤ ግንቡ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ ይተፋል። ከፍራሹ ስር ካርቶን። መስኮቱ ላይ ላስቲክ፣ በሚስማር። ከበሩ ስር አሮጌ ጆንያ። በውሃ ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ሞልቼ እግሬ ስር ከተትኩ። ሌሊት ክዳኑ ለቀቀ። እንደ ሕፃን ረጥቤ አደርኩ። ለማንም እንዳታወራ።

አልጋው የሁለት ሰው ነው። ሚስቴ ሰዓዳ አምና ከሞተችብኝ ወዲህም የምተኛው በኔ በኩል ብቻ ነው። በሷ በኩል ያለው ፍራሽ እንደ በረዶ። እጄ በስህተት ሲነካው እነቃለሁ።

ታኅሣሥ 22

እታገኝ መጣች። የከፊሌ ቤት ሠራተኛ ናት፣ የደላንታ ልጅ። ክርስቲያን ናት፣ ግን አያ ይመር፣ አንቱ፣ እያለች ታከብረኛለች። እዚህ ተራራ ላይ አማርኛ የምናወራ እሷና እኔ ብቻ ነን። ስሟ ረጅም ነው፣ እጄን ያደክመኛል። ከዛሬ ወዲያ እታ. ብዬ ነው የምጽፋት። ሰዓዳን ግን አላሳጥርም።

መልእክት ይዛ ነው። ከፊሉ፣ ብርዱ እስኪያልፍ አል-ሙወሰም ይውረድ፣ የወንድሜን መጋዘን ይጠብቅ፣ እዚያ ሙቀት ነው ብሏል። አልወርድም አልኩ። ሰዓዳን የቀበርኩት እዚህ ነው፣ ከመስጊዱ ጀርባ። ሰው ሚስቱን ተራራ ላይ ጥሎ ቆላ ወርዶ ይሞቃል?

እንግዲያው ይንቀጥቀጡ፣ አለችኝ። ምላሷ!

ታኅሣሥ 23

ከሰል! እንዴት እስከ ዛሬ አላሰብኩትም። ምድጃውን ውጭ አቀጣጠልኩ፣ ጭሱ ሁሉ እስኪወጣ፣ ነጥሮ ፍም እስኪሆን ጠበቅሁ። የሚገድለው ጭሱ ነው፣ ፍም ምንም አያደርግም፤ አባቴም እንዲሁ ነበር የሚል። ከዚያ አልጋው አጠገብ። በሩን ዘጋሁ፣ ጆንያውን ጠቀጠቅሁ። ክፍሉ እንደ ቆላ ሞቀ። የማንንም መብራት አልነካሁ።

እንቅልፍ ጣለኝ። ጠዋት ራሴን ትንሽ ያዘኝ።

ታኅሣሥ 24

 

ሰዓዳ መጣች።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ያ አረንጓዴ ሻሽ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ታስተካክላለች። ልጠራት ፈለግሁ፤ ምላሴ እንጨት ሆነብኝ። ሲነጋ የለችም።

ሕልም ነው በለኝ፣ ደብተር። ሕልም አልጋ ያሰምጣል? በእግሬ በኩል ሰምጧል። በእጄ ዳሰስኩት።

ታኅሣሥ 25፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ

መቃብሯ ሄድኩ። አፈሩ እንዳለ ነው። ያስቀመጥኳቸው ድንጋዮች አልተነቃነቁም። ዞርኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ እንደ ሌባ ፈለግሁ። በየት ወጣች?

በወሰኑ በኩል ሌሊት ሌሊት የሰው እርምጃ ይሰማል። ከየመን የሚሻገሩ ያገሬ ልጆች ናቸው፣ ጠጠሩ ያሳብቅባቸዋል። የሷን እርምጃ ግን አልሰማሁም። ብቻ ትገኛለች።

ታኅሣሥ 27

በየሌሊቱ ትመጣለች። በየሌሊቱ ቀረብ ትላለች። ትናንት ጎኔ ተጋደመች። በገዛ እጄ አፈር ያለበስኳት ሴት ትሞቃለች። ከሰይጣን እንደሆነ ይሂድ ብዬ ቁርኣን ቀራሁ። አልሄደችም። ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደነገጥኩ።

ድመቴ ከእግሬ ስር ነበር የምታድረው። አሁን ደጃፍ ላይ ቆማ ታየኛለች፣ አትገባም። ሰዓዳን አይታ ነው።

ራሴን ይፈልጠኛል። ፀሐይ ላይ ተቀምጬ አስመለሰኝ። ዕድሜ ነው።

ታኅሣሥ 28

ዘነበ። ከሰሉ ረጠበ፣ አልቀጣጠል አለ። እንዲሁ በብርዱ አደርኩ። በሷ በኩል ቦታ ትቼ ጠበቅኋት። አልመጣችም።

ዛሬ ግን ራሴ ጤነኛ ነው። ድመቷም ገብታ ተኛች።

ያልገባኝ መምሰል እችላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ ነው እንጂ ቂል አይደለሁም። ሰዓዳ የምትመጣው ከሰሉ ሲገባ ነው።

ከሰሉን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት።

ታኅሣሥ 29፣ ከሰዓት በኋላ

አስገባሁት። እያወቅሁ። መጣች።

ቦታ ልቀቅልኝ አለች፣ በራሷ ድምፅ። ለቀቅሁላት። ቀጥላ ና አለችኝ። ወዴት? በሩን አላሳየችኝም። ያሳየችኝ ግድግዳውን ነው።

ልነሳ ስል እግሬ ከዳኝ። በደረቴ ተስቤ ነው ጆንያውን የሳብኩት፣ በሩን የከፈትኩት። እታ. በማለዳ ወተት ልትወስድ ስትመጣ ደጃፍ ላይ ተዘርግቼ አገኘችኝ። ጮኸች። ውሃ ረጨችብኝ። ቀና ስትል ምድጃውን አየች።

«አያ ይመር! ከሰል ታቅፈው ነው እንዴ የሚያድሩ?»

ፍም ነው፣ ጭስ የለውም አልኳት።

«ጭሱማ አስሎ ያስነሳል። ፍሙ ነው በእንቅልፍ የሚወስድ!»

ሰዓዳ ትመጣለች አልኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም። አማተበች።

«እሳቸው አይደሉም የሚመጡት» አለችኝ። «አንቱ ነዎት የሚሄዱት።»

ከዚያ ተቆጣች፣ እያለቀሰች። ነገ በሩን ስቆረቁር ባይከፍቱ ሬሳዎን የማገኘው እኔ ነኝ፣ ከዚያ አማርኛ ከማን ጋር ላውራ፣ ከፍየል ጋር? ሰዓዳን በድን ሆና ያገኘኋት እኔ ነኝ፣ ጠዋት፣ ትከሻዋን ነክቼ። ያንን ለጠላቴ አልመኝም። እንኳን ለዚች ልጅ።

ማሞቂያውን ለምኜ ላምጣ አለች። እምቢ አልኩ። ብሞት አላስለምንም። እንግዲያው ድንጋይ ፍም ላይ ያግሉ፣ በጨርቅ ጠቅልለው ድንጋዩን ብቻ ያስገቡ፣ ምድጃው ውጭ ይደር አለች። አገሯ ደጋ ነው፣ እንዲያ ነው የሚያድሩ።

«ድንጋይ ሰው አይገድልም» አለችኝ እንባዋን እየጠረገች፣ «ካልወረወሩት።»

ሳቅሁ። ራሴ እየተፈለጠ ሳቅሁ።

ታኅሣሥ 30፣ ማታ

ፍሙ ደጃፍ ላይ ነው። ጭስ የለውም። ከተቀመጥኩበት ቅላቱ ይታየኛል። ብድግ አድርጎ ማስገባት ነው። ማንም አያየኝም።

ትጠብቀኝ ይሆን? ቦታ ትቼላታለሁ።

ሲነጋ እታ. በሩን ትቆረቁራለች።

ጠፍጣፋውን ድንጋይ በጉጠት አወጣሁ። በአሮጌ ፎጣ ጠቀለልኩ፣ ጠርዙ ጠቆረ። ገባሁ። በሩን ዘጋሁ። ፍሙ ውጭ ቀረ።

ሰዓዳ የለችም።

እታ. በእግርዎ በኩል ያድርጉት ብላኛለች። በሰዓዳ በኩል አደረግሁት። ይሞቃል። ድንጋይ ነው፣ አውቃለሁ። ነገም እንዲሁ ነው የማደርገው።