ቴአትር ወይስ እንቅልፍ

ውድ እህት ዓለም፣

ደህና ነሽ ወይ? ወገብሽስ ተሻለሽ? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? መነጽሩ አፍንጫዋን ከቆረቆራት ላኪልኝ፤ አስተካክዬ እመልሰዋለሁ። እኛ በጤና በኩል ምንም አንልም። ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ ብሎኛል፤ ይህችን እንኳ የምጽፍልሽ እየተነሳሁ እየተቀመጥኩ ነው።

ነገሩ ቴአትር ነው። አትሳቂ! እንደምታውቂው ሥራዬ መሀል ከተማ ነው። ጎህ ሳይቀድ ታክሲ እሰለፋለሁ፣ መነጽር ቤት ሌንስ ስሞርድ እውላለሁ፣ ሲመሽ ደግሞ ተገፍቼና ተረግጬ ቤቴ እገባለሁ። ቅዳሜ ሲመጣ ከተማ የሚባል ነገር በዓይኔ ባላይ ደስታዬ ነው። ባለቤቴ ግን ሳምንቱን ሙሉ ከምትሠራበት የሰፈራችን መዋለ ሕፃናት አትወጣም። ለእኔ ከተማ ሥራ ነው፣ ለእሷ መተንፈሻ። እሷ እንውጣ ስትል እኔ ደክሞኛል እያልኩ ስንቱ ቅዳሜ አለፈ። ቴሌቪዥን አለልሽ አይደል ብላት፣ እሱም እንዳንተ ነው፣ ፊቴን አያይም አለችኝ። ይቺ ነገር ከአንጀቴ ገባች።

ባለፈው ቅዳሜ እያጉረመረምኩ ሄድኩላት። አዳራሹ ሞቅ ያለ፣ ወንበሩ ለስላሳ፤ መብራቱ ሲጠፋ እኔም አብሬ ጠፋሁ። ታክሲ ውስጥ መተኛት የለመደ ሰው ምን ያድርግ? መድረኩ ላይ አንድ ሽማግሌ ሊሞት ሲያጣጥር፣ ሰዉ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ባለበት ሰዓት፣ ብንን አልኩና "ወራጅ አለ!" ብዬ ጮህኩ። ቦርሳዬንም አንስቼ ቆምኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተዋናዩ ግን ምንም አልደነገጠም፤ ከትራሱ ቀና ብሎ አየኝና፣ ቀስ በል ልጄ፣ መጀመሪያ እኔ ልውረድ አለኝ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ባለቤቴማ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ስንመለስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን፣ ተኝቼ ያመለጠኝን በሙሉ ተጫወተችልኝ። አንዴ ሽማግሌውን ትሆናለች፣ አንዴ ልጁን፣ አንዴ ሐኪሙን። ለካ ይህን ሁሉ ወሬ ይዛ ነው የምትኖረው! ሰልፈኛው ዞሮ ሲያያት ግን አፈርኩና፣ እባክሽ ሰው ያየናል አልኳት። ቤት እስክንገባ ትንፍሽ አላለችም። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

ዛሬ አዲስ ቴአትር ይጀመራል። እንውጣ ትለኛለች ብዬ ጠዋቱን ሙሉ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ። አላለችም። ጫማዋን ወልውላ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ምሳህን ሸፍኜልሃለሁ ብላኝ አሁን ወጣች። እግሬ ዝሏል፣ አልጋው ይጠራኛል፤ ብሄድም መልሼ መተኛቴ አይቀርም ይሆናል። ግን እህት ዓለም፣ ብቻዋን መሄድ ከለመደች ወሬውንም ለብቻዋ መያዝ ትለምዳለች። እኔ የፈራሁት ይሄን ነው።

እንግዲህ ልፍጠን። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ለጋሼ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ማንኮራፋቱን እንደኔ አዳራሽ ድረስ ይዞ እንዳይሄድ ምከሪው። አኩራፊዋን ልጅሽን ሁለቱንም ጉንጯን፣ ትንሹን ደግሞ ከያዝሽው ሳሚልኝ።

ወንድምሽ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ ከባለቤቴ ጀርባ ቆሜ። ገና ዞራ አላየችኝም።