ቆለኛው መካኒክና የጉና ውርጭ

ታኅሣሥ 11 ቀን፣ ደብረ ታቦር

ዛሬ የጭነት መኪናዬን ከሞት መለስኋት።

ልጄ አዳነ ጉና ተራራ ላይ አሳድሯት ነበር። ጠዋት አስነስቶ ጥቂት እንደነዳ ሞተሩ ፈልቶ ቆመ፤ አስጎትቶ ጋራዥ አመጣት። ከባሕር ዳር የመጣው መካኒክ እንፋሎቱን አይቶ፣ «አባባ፣ ሙቀቱ ሞተሩን ሰንጥቆታል። ለቁርጥራጭ ይሽጧት» አለኝ። ሃያ ዓመት ያበላችኝን መኪና!

«አንተ ቆለኛ፣ ውርጭ የገብስ ጠላት ብቻ ይመስልሃል» አልሁት። የዘይት መለኪያውን መዝዤ አሳየሁት። ዘይቱ ጥቁር ነው፤ ሞተሩ ተሰንጥቆ ውሃ ቢገባበት እንደ ወተት ይነጣ ነበር። ከዚያ ራዲያተሩ ላይ ውሃ አስጨምሬ ከሥሯ ገባሁ። ጉልበቴ ጮኸ፣ ግድ የለም። ውሃው ከሞተሩ ጎን ይንዠቀዠቃል! ሌሊት በረዶ የሆነው ውሃ አብጦ የሞተሩን ጎን ቀዳዳ የምትዘጋውን ክብ የቆርቆሮ መድፈኛ አስፈንጥሯታል። ጠዋት በረዶው ሲቀልጥ ውሃው ፈሶ አለቀ፣ ሞተሩም በዚያ ፈላ።

አዲስ መድፈኛ ተመታላት። አንድ ሰዓት ሙሉ ሠራች፣ አልፈላችም።

«አባባ፣ የት ተማሩት?» አለኝ መካኒኩ።

«ብርድ አስተማረኝ» አልሁት። ጋራዡ በሳቅ ሞላ።

ባለፈው ወር አዳነ በረዶ የማይይዘውን ኩላንት ልግዛ ሲል፣ «ውሃ ምን አነሰው?» ብዬ የከለከልሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ስለዚያ ትንፍሽ አላለም። ነፍሷን ይማራትና እናቱ ብትኖር ግን እንዲህ በዝምታ አታልፈኝም ነበር።