የሁለት ሰው ስኳር

ኅዳር 12 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ቦሌ

የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ኮታ የሚሰጠው በቤተሰብ ብዛት ስለሆነ ሁሉም እንደገና ይመዝገብ ይላል። ታላቁን ልጄን ለስኳር ብዬ ያስመዘገብኩት እኔ ነበርኩ። ከዚያው መዝገብ ስሙን አይተው ለውትድርና ወሰዱት፤ አልተመለሰም። ታናሹን ጓዳ ደብቄዋለሁ።

«እትዬ አስካለ፣ ስንት ናችሁ?» አለ ሻጩ።

«ብቻዬን ነኝ።»

ቀና ብሎ አየኝና «አንድ» ብሎ ጻፈ። ስኳሩን ግን የሁለት ሰው መዘነልኝ።

«ይውሰዱት እንጂ፤ ሰልፉን አያስቁሙ!»

ተቀብዬ ወጣሁ። አዝኖልኝ ይሆን ወይስ ሊያወጣጣኝ? ብመልሰው ፈርታለች ይላል፤ ባልመልሰው ልጁ ቤት ነው ይላል። ከረጢቱን ሳልፈታ አልጋ ሥር ከተትኩት።

ማታ ለልጄ ሻይ ሰጠሁት።

«እማዬ፣ ዛሬም ስኳር የለም?»

«አልመጣም» አልኩት።