የትሪው ወዲያኛው ጫፍ

ሰኞ

ሱሪዬ ዛሬ ሊያዋርደኝ ነበር። ሀይሌ ጋርመንት ከታክሲ ስወርድ አንድ እጄ በሩ ላይ፣ አንድ እጄ ወገቤ ላይ። ረዳቱ፣ አባባ አይቸኩሉ አለኝ። እኔ አልቸኮልኩም፣ ሱሪዬ ነው የቸኮለው አልኩት። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ቀበቶዬን በምስማር የበሳሁት ባለፈው ሳምንት ነው፤ እሱም አልበቃም ማለት ነው።

ጤና ጣቢያ የሄድኩት ለስኳሩ ክትትል ነበር። ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣችኝ፣ አወረደችኝ፣ መልሳ አወጣችኝ። ሚዛኑን ጠርጥራ ነው። ሚዛኑ ደህና ነው፣ ጫማዬ ነው ያለቀው አልኳት። ይቺኛዋ አልሳቀችም። ስኳርዎ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል ነው፣ ሰውነትዎም እያለቀ ነው፣ አመጋገብዎ ካልተስተካከለ መርፌ መጀመርዎ አይቀርም አለች። የሥነ ምግብ ባለሙያ ማየት አለብኝ። ባለሙያዋ ያለችው ሆስፒታል ነው። የጤና መድኔ ይሸፍነው አይሸፍነው ግን ነርሷም አታውቅም። መድን ቢሮ ይጠይቁ ተባልኩ።

ወደ ማታ ባለቤቴ አስካለ ከሐዋሳ ደወለች። ምን በላህ አለች። ጎመን ክትፎ በቆጮ አልኳት። የበላሁት ዳቦ በሻይ ነው። የሚዛኑን ወሬ ዋጥኩት፤ ዛሬ በደንብ የዋጥኩት እሱን ብቻ ነው።

ማክሰኞ

መድን ቢሮ። ወንበር የለም፣ ወረፋ አለ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷን፣ ልጄ፣ መድኑ የምግብ ነገር ይሸፍናል ወይ አልኳት። ምክር የምትለዋን ቃል ረሳኋት። ልጅቷ የራበኝ መሰላት። ሰው እንዳይሰማብኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ አባባ፣ እኛ ሕክምና እንጂ ምግብ አንሰጥም፣ እርዳታ ከሆነ ወረዳ ይጠይቁ አለችኝ።

እዚህ ጋ ማረም ነበረብኝ። አፌ ግን መች ያርፋል።

"ቆጮ ብቻ ስጡኝ፤ ክትፎው ቢቀርም እታገሳለሁ" አልኳት።

ከኋላዬ ያሉት ሴትዮ፣ ክትፎው ካለ እኔንም መዝግቢኝ አሉ። ወረፋው ተንጫጫ። ልጅቷ ስትቀላ አይቼ አዘንኩና ነገሩን በወጉ አስረዳኋት። የመድን መታወቂያዬን ተቀብላ አገላበጠችው። የእኔም የአስካለም ፎቶ አለበት። ባለቤትዎ አሉ? አለችኝ። አለች፣ ሐዋሳ ልጃችንን ልታርስ ሄዳ ነው አልኳት። መቼ ሄዱ? አለች። የልጅ ልጃችን ከተወለደች ጊዜ ጀምሮ አልኩ። አሁን እየዳኸች መሆኑን አልነገርኳትም።

ይህን ጥያቄ ይዞ የመጣ ሰው ስለሌለ ኃላፊዋን ጠይቃ ነገ ልትነግረኝ ነው። ነገ ሲመጡ ቀልዱን ቤት ትተውት ይምጡ አለችኝ። ማን ጋ እተወዋለሁ ልላት ነበር። ተውኩት።

ረቡዕ

ይሸፍናል! ጤና ጣቢያው ሪፈር ከጻፈልኝ ምክሩ በመድን ነው፤ ዝም ብዬ ከሄድኩ ከኪሴ ነው። ልጅቷ ይህን ሁሉ በቁም ነገር ከነገረችኝ በኋላ ፈገግ ብላ፣ ክትፎውን ግን ራስዎ ነዎት የሚገዙት አለች። ተበቀለችኝ። ወደድኳት።

ነርሷም ሪፈሩን ጻፈችልኝ። ደስ ብሎኝ ጀሞ ቤቴ ገባሁ፣ ደረጃውን ሦስት ጊዜ አርፌ ወጣሁ፣ በሩን ከፈትኩ። ደስታዬን የምነግረው ሰው የለም። ሽሮ አሞቅሁ። ትልቁን ትሪ አውርጄ አየሁትና መልሼ ሰቀልኩት፤ ለአንድ ሰው ሜዳ ነው። ከድስቱ በላሁ፣ ቆሜ። ሁለት ሦስት ጉርሻ፣ ከዚያ በቃኝ።

አስካለ ሰማንያውን ጨርሼ እመጣለሁ ብላ ነበር። ክርስትናው አለፈ። ከዚያ ሠራተኛ እስክትገኝ ተባለ። ከዚያ ጥርስ። ልጃችን ሂሩት ባንክ ነው የምትውለው፣ ሕፃኗን ለማን ትስጥ? ይገባኛል። ስለሚገባኝ ነው ነይ የማልላት። አስካለ እንዴት ነህ ስትለኝ፣ ነጻነቴን አገኘሁ፣ ማንም አይጨቀጭቀኝም እላታለሁ። ትስቃለች። ሳቋን ለመስማት ስል ራሴን አስራብኩ።

ሐሙስ

ሆስፒታል። ባለሙያዋ የጎፋ ልጅ ናት፣ የልጅ ልጄ ብትሆን ደስ ይለኛል። ግድግዳው ላይ የሳህን ሥዕል አለ፤ ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ እንጀራ፣ ሩቡ ምስር። ለረጅም ጊዜ አየሁት። ልጄ፣ ሁለተኛው ሰው በየት በኩል ነው የሚቀርበው አልኳት። ሳቀች። አባባ፣ ይሄ የአንድ ሰው ነው አለች።

ከዚያ ጥያቄ መጣ። ቁርስ? ዳቦ። ሻይ በስኳር? ትንሽ። (ትንሽ አይደለም።) ቀጥላ በአንድ ማዕድ ስንት እንጀራ እንደምበላ ጠየቀችኝ።

አላወቅሁም። ይህን ያህል ዘመን በልቼ አላወቅሁም።

"እንጃ ልጄ። ከእኔ ጫፍ እጀምርና እሷ ጋ ስደርስ ነው የማቆመው" አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አሁንስ?" አለችኝ።

"አሁን የምደርስበት የለም።"

ቀልድ ላደርገው ብዬ ነበር የጀመርኩት። አልወጣልኝም። አስካለ ወጡን በጣቷ ወደ እኔ ጫፍ ስትገፋ፣ እኔ መልሼ ስገፋ፣ አንተ ሰውዬ ብላ እጄን መታ ስታደርግ፣ ሁሉም ባንዴ መጣብኝ። ልጅቷ ወረቀት የምትፈልግ መስላ መሳቢያ ከፈተች። ጨዋ ናት።

የምትመክረኝን ሁሉ መከረችኝ፤ ሰዓት ጠብቄ እንድበላ፣ ሻዩን ያለ ስኳር፣ ቆጮም በልክ። በመጨረሻ፣ የሚያበስልልዎትን ሰው ይዘው ይምጡ አለች፤ ለሁለት ካልነገርኩት አይያዝም። ባለቤትዎም መድኑ ላይ ስላሉ ምንም ክፍያ አይጠየቁም አለችኝ። ቀጠሮዬ የፊታችን ሐሙስ ነው።

ዓርብ

ቀኑን ሙሉ ስልኩን አነሳሁ አስቀመጥኩ። ሂሩትስ? ሕፃኗስ? ለአንድ ሽማግሌ ሆድ ተብሎ የሰው ቤት ይፈታል?

በመጨረሻ እሷ ሳትደውል ቀድሜ ደወልኩ። ደነገጠች። ምን ሆንክ አለች። ሱሪዬ ሸሽቶኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መለስኩት። ሚዛኑን ነገርኳት፣ መርፌውን ነገርኳት፣ ጎመን ክትፎው ውሸት እንደነበር ነገርኳት።  

"አስኩ፣ ነይ" አልኳት። "ብቻዬን መብላት አቃተኝ።"

እንዲህ ብያት አላውቅም። በጉብዝናዬም ጊዜ ሽማግሌ ነው የላክሁባት፣ በአፌ አልጠየቅኋትም።

ከወዲያ ሕፃኗ ታለቅሳለች፣ ሂሩት የሆነ ነገር ትላለች። አስካለ፣ ቀጠሮው ጠዋት ነው ከሰዓት? አለችኝ። ጠዋት አልኳት።

"ጠዋት ከሆነማ ረቡዕ መግባት ነው" አለች። ለእኔ ትበለው ለሂሩት አልለየሁም። ስልኩ ተቋረጠ።

መልሼ መደወል እችል ነበር። ካርድ አለኝ። አልደወልኩም፤ ሌላ ነገር እንዳትል ፈርቼ።