ክንፍ ስላወጣው የአባቴ ደብተር

ለተከበሩ የአብራሪው ተከታታይ ድራማ ዋና አዘጋጅ፣
ካምደን፣ ለንደን

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ይልቁንም ለማስታወስ ችሎታዎ ፈጣሪ እንዲያስብልዎት እመኛለሁ። እኔ አይናለም መኩሪያ፣ በስቶክዌል የምኖር፣ ድራማዎን አንድም ክፍል ሳያመልጠኝ የተከታተልኩ ትሑት ተመልካችዎ ነኝ።

አምና ቢሮዎ ቤንጃሚን የሚባል ጨዋ ወጣት ልኮልኝ ነበር። ድራማው የተመሠረተበት የድሮ የጋዜጣ ካርቱን ስብስብ እኔ ዘንድ እንዳለ ከአንዲት የኪልበርን ወዳጄ ሰምቶ ነው የመጣው። እውነቱን ነው። አባቴ በደብረ ዘይት የአውሮፕላን መካኒክ ሳሉ፣ የውጭ አገር የበረራ አስተማሪዎች አንብበው ከሚጥሏቸው ጋዜጦች ላይ ያንን ጀብደኛ አብራሪ ለዓመታት እየቆረጡ ደብተር ላይ ለጥፈዋል፤ ሠዓሊው ሞተሩን ሲሳሳትባቸውም በእርሳስ አርመውታል። ከአገር ስወጣ ልብሴን ትቼ የያዝኩት እሱን ነው፤ ከእሳቸው የቀረኝም እሱ ብቻ ነው።

ቤንጃሚን ምሳ በላ፣ ጨምር ሲባል ጨመረ፣ ደብተሩንም አሳይቼ እመልሳለሁ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። የመረከቢያ ፎርም ሊሞላልኝ ሲያወጣ ግን እኔው አፍሬ ወደ ቦርሳው አስመለስኩት፤ ከገበታዬ የበላን እንግዳ ፈርም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነውና። እንግዲህ ምስጋናዬን ልዘርዝር፦

1. ለአራት ኢሜይሎቼ አንድ መልስ ስለ ሰጡኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ ደብተር ቢሮዎ ደርሶ እንደማያውቅ፣ ቢደርስ ኖሮ የተፈረመ ፎርም ይገኝ እንደነበር፣ ቤንጃሚንም ሥራ እንደ ለቀቀ በሦስት መስመር ጠቅልለው ገልጸውልኛል።

2. ከደብተሩ ውስጥ የአንድ ቀን ጋዜጣ ጎድሎ ነበር። አብራሪው በረሃ ላይ ከወደቀ በኋላ እንዴት እንደ ዳነ ያላወቁት አባቴ መጨረሻውን ራሳቸው ሣሉት፦ አንድ ሸበቶ መካኒክ የሚያፈሰውን የነዳጅ ቱቦ በሳሙና ደፍኖ አውሮፕላኑን ያስነሣዋል። የጎደለውን ቀን ጋዜጣ እዚህ ቤተ መጻሕፍት ፈልጌ አግኝቼዋለሁ፤ እዚያ አብራሪው የሚድነው በግመል ነው፣ ሽማግሌም የለበት፣ ሳሙናም የለበት። በሰባተኛው ክፍልዎ ግን ሁለቱም ከነክብራቸው ብቅ አሉ። እኔ መቼም ተጠራጣሪ አይደለሁም፤ ሁለት ሰው አንድ ሕልም አይቶ ይሆናል ብዬ ራሴን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ሞክሬያለሁ።

3. ስለ ፎርሙ ጥፋቱ የእኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝም አልቀየምም። በአገሬ እንዲህ ለሚያደርግ ሰው የወጣ ስም አለ፤ ነገር ግን የጨዋ ልጅ ስለሆንኩ አደራ በላ አልልዎትም።

ገንዘብ አልጠየቅሁም፣ የአባቴ ስም በቴሌቪዥን ይውጣ ብዬም አልለመንኩም። ደብተሩን ይመልሱልኝ። የእጅ ጽሑፋቸው ሌላ ቦታ የለኝም፤ በጣም ናፍቆኛል።

ሰባተኛውን ክፍል አይቼ በመጀመሪያ ያለቀስኩ፣ ቀጥዬም እንግዳ ፎርም ሳይሞላ ከቤቴ እንዳይወጣ የማልኩ አክባሪዎ፣

አይናለም መኩሪያ

ማስታወሻ፦ በድራማዎ ውስጥ በሸበቶው መካኒክ የመፍቻ ሣጥን ላይ ለጌጥ የተቀባው ጽሑፍ ምን እንደሚል የነገረዎት ሰው ያለ አይመስለኝም። አማርኛ ነው፤ አባቴ በሥዕላቸው ላይ እንደ ጻፉት «ሮማንወርቅ» ይላል። የእናቴ ስም ነው። ደብተሩ ደርሶዎት የማያውቅ ከሆነ፣ ክቡር ሆይ፣ እናቴን ከየት አወቋት?