በጉንጬ ከእርዳታ ለሰረዙኝ ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ሙጂብ፣
የቀበሌያችን የተረጂዎች መልማይ ኮሚቴ ሰብሳቢ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አካም ጅርቱ? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ የሰውን ሆድ ከውጭ ሆኖ የሚያየው ዓይንዎ ሁሉ ደህና ነው? እኔ አልሀምዱሊላህ ወፍሬያለሁ፤ ይህንንም በሕዝብ ፊት ስላበሰሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ኡምኩልሱም እባላለሁ፤ ባሌ የሞተብኝ፣ ሁለት ሴት ልጆች የማሳድግ፣ ጨፋ ሜዳ ላይ የነበረችኝን ማሽላ ዘንድሮ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ የወሰደብኝ ሴት ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ እንደ ልማዳችን እያንዳንዱ ችግረኛ ሕዝብ ፊት እየቆመ ሲመሰከርለት ተራዬ ደረሰ። ጎረቤቶቼ አፋቸውን ሳይከፍቱ እርስዎ ጉንጬን በጣትዎ ጠቁመው፣ እንዲህ ያለ ፊት ይዛ ተራብኩ ማለት መንግሥትን መዋሸት ነው ብለው ስሜን ሰረዙ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ያን ዕለት አፍሬ ቤቴ ገባሁ፤ ዛሬ ግን አላፍርም፤ ቅሬታዬንም በአክብሮት ቁጥር ሰጥቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ፦ ጉንጬ የእህል ሳይሆን የኪኒን ነው። የመገጣጠሚያ በሽታ ጣቶቼን አስሮ ማጭድ መያዝ ሲያቅተኝ የምታክመኝ ሐኪም ፕሬድኒሶሎን አዘዘችልኝ፤ ይኸው ዘጠኝ ወር ሆነኝ። እንዳስረዳችኝ መድኃኒቱ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራውን የስቴሮይድ ሆርሞን ይመስላል፤ አንጎል ውስጥ ሲገባ «ብላ» የሚለውን ኬሚካል ያበዛል፣ ስባችን «በቃ» ብሎ የሚልከውን መልእክት ደግሞ እንዳይሰማ ያደርጋል፤ ስቡንም ፊትና ሆድ ላይ ይሰበስበዋል። እርስዎ ይህን ሁሉ በአንድ እይታ ጥጋብ ብለው መተርጎምዎ ድንቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕውቀት ቀበሌ ውስጥ ታፍኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

፪ኛ፦ ርሃብ መኖሩን የሚያውቁት በሚከሳ ሰው ብቻ ነው። ወላሂ፣ «አልጠገብኩም» የሚል አንጎልና ባዶ ጎተራ አንድ ቤት ሲያድሩ አላዩም! ከልጆቼ ትሪ ላይ እጄን ለመመለስ በቀን ስንት ጊዜ ከራሴ ጋር እንደምጣላ የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ተሸንፌ የትንሿን ልጄን የጀነትን ድርሻ በልቼባታለሁ። ይህንንም ይመዝግቡልኝ፤ እየነደደኝ ነው የምጽፈው።

፫ኛ፦ ስወጣ ተከትለው፣ ውፍረቱ የኪኒን ነው ብልዎ፣ ኪኒኑን ትቼ ስከሳ እንድመለስ ስለ መከሩኝ እግዜር ይስጥልኝ። ለሐኪሟ ብነግራት ክው አለች፤ ለወራት የተወሰደ እንዲህ ያለ መድኃኒት በድንገት ከተቋረጠ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት ትቶ ስለሚቆይ ሊገድል ይችላል አለችኝ። እናም ይቅር ይበሉኝ፣ ለእርስዎ ዓይን ብዬ አልሞትም።

ሰኞ ኢንሻአላህ የሐኪሟን ወረቀትና ጎረቤቶቼን ፋይዛንና ዘይኑን ይዤ ኮሚቴው ዘንድ እመጣለሁ። የምቀመጠው ከፊት ነው፤ ወንበሩን ሰፋ አድርገው ያዘጋጁልኝ። ስሜ ካልተመለሰ ወረዳ እሄዳለሁ፤ ወረዳው ካልሰማ ዞኑ እዚሁ ከሚሴ ነው፣ በእግሬ እደርሳለሁ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፤ የሚያዩትንም የሚመረምሩበት ልቦና ይጨምርልዎ እያልኩ፣ ትሁትና ወፍራም ተገልጋይዎ፣

ኡምኩልሱም

ማስታወሻ፦ ልጆቼ ኪኒን አይወስዱም። ችግረኛን በመልኩ መለየት ካልተዉ ቤቴ ይምጡና እነሱን ይዩ፤ ብቻ ስብሰባው ላይ እንደሳቁት እንዳይስቁባቸው።