ባርኔጣ ያደረገው ሰው

በጀርባዋ አዝላ ላሳደገችን ለታላቅ እህታችን ለፀሐይቱ፣ ካለችበት ቤይሩት ይድረስ።

እንደምን ሰንብተሻል እታለም? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ? እህል ትቀምሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? መርዶውን የነገሩሽ የአገራችን ሴቶች ሦስት ቀን ከጎንሽ ሳይለዩ እንደተቀመጡ ሰምተናል፤ ብድራቸውን እግዚአብሔር ይክፈልልን። ፀጉርሽን ተላጭተሽ ስታይሽ አሠሪሽ ምን አለች? እኛ ለነፍሳችን አለን። «ደኅና ነን» ብዬ ጀምሬ ነበር፣ ሰረዝኩት። እማዬ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፤ ግን ሁለቴ ካልተጠራች አትሰማም።

የወንድማችንን የእንዳለውን አርባ ባለፈው ሳምንት አወጣን። ሰው ብዙ ነበር፣ ዝናቡም ዘግየት ብሎ አዘነልን። በስልክ ያን ዕለት ተላቅሰን ካርዱ ሲያልቅ፣ ልነግርሽ የሚገባኝን ሳልነግርሽ በማለቁ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ ከፈቃድ የምትመለሰው የጽጌማርያም ልጅ ማኅሌት ናት። አሽጌ ሰጥቻታለሁ። የምታርፊበትን ቀን ጠብቀሽ ብቻሽን አንብቢው።

ሕመሙ የገባው በሐምሌ መጨረሻ ነው። መንግሥት አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ይለዋል፣ ሰው በሹክሹክታ ኮሌራ ይለዋል፣ እኛ አስጎብኚዎች ደግሞ ቱሪስት እንዳይሸሽብን ምንም አንለውም። በዚያው ሰሞን የክረምቱ የእግር ኳስ ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ፣ እኛና የብልባላ ቡድን ለነሐሴ አሥራ ሰባት እሑድ ተቀጣጥረን ነበር። ቡድኑን የማሠለጥነው እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። በዚህ ክረምት ደግሞ ደሴ ያለው ትልቁ ክለብ ተጫዋች የሚመርጥ ሰው እልካለሁ ብሎን፣ እንዳለው ያንን ከሰማ ወዲህ ጫማውን አጠገቡ ሳያኖር አይተኛም ነበር። ክለብ ገብቶ ደመወዝተኛ ሊሆን፣ አንቺን ከሰው ቤት ሊያስወጣ ነው ሐሳቡ። እኔን «አያ፣ ፀሐይቱ ስትመጣ የምትተኛበትን ክፍል አሁን እንጀምረው» ይለኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት የውድድሩ ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ ሰባት ነን። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ጀውሀራ መጥታ፣ ያ ሁሉ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ሲውል፣ አንድ ቁጥቋጦ ሥር ሲጸዳዳና ከአንድ ጀሪካን ሲጠጣ ምን እንደሚከተል በትዕግሥት አስረዳችን። ጨዋታው ለጥቅምት ይዛወር አለች። እኔ ተነሣሁ። የምኖረው በአፌ ነው፣ ታውቂያለሽ። ገበያው አልተዘጋ፣ ቅዳሜ የፍልሰታ ንግሥ አለ፣ ወደ አሸተን ማርያም ሰው እንደ ጉድ ይወጣል፤ ታዲያ ኳሱ ብቻ ምን በደለ አልኩ። ጀውሀራ፣ «ስለ ገበያውም ስለ ንግሡም የጠየቀኝ የለም፤ የጠየቃችሁኝ ስለ ኳሱ ነው፣ የተጠየቅሁትን መለስኩ» አለች። ሰብሳቢያችን መሪጌታ ሀብተ ሥላሴም ወደ እኔ ዞረው፣ «ልጅ አረጋ፣ ኳስ ለጥቅምት ቢቆይ አይሻግትም» አሉኝ።

እሳቸውንም ቢሆን በምላሴ አሸነፍኳቸው። የክለቡ ሰው አንዴ ካልመጣ ዳግመኛ አይመጣም፣ የነዚህ ልጆች ዕድል አንድ እሑድ ናት፣ ውኃውን አፍልተን እናጠጣለን፣ ሳሙና እናቀርባለን አልኩ። እጅ ሲወጣ አራት ለሦስት ሆነ። አራተኛው የመሪጌታ እጅ ነበር። ጀውሀራ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «የሕሙማን ድንኳን ማስተከሌን ግን አልተውም» ብላ ወጣች።

አሁን ማንም የማያውቀውን ልንገርሽ። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከደሴ ስልክ ተደወለልኝ። ሰውየው ነው። ክለቡ በበሽታው ምክንያት ጉዞ ሁሉ ማገዱን፣ ተጫዋቾቹንም በየቤታቸው ማስቀመጡን ነገረኝ። «እናንተም ብታቆዩት ይሻላል፣ እኔ በጥቅምት እመጣለሁ» አለኝ። በጥቅምት እመጣለሁ ያለውን ሁለቴ አስደግሜ ሰማሁት። ለኮሚቴው ያቀረብኩት ምክንያት በዚያች ደቂቃ አለቀ ማለት ነው። ደመወዝ የሚከፈላቸው ቤታቸው ተቀምጠዋል፣ ሜዳ የምንወጣው ምንም የማይከፈለን ነን። ሆኖም ለማንም አልተናገርኩም። የብልባላ ልጆች ለንግሡ መጥተው ከተማ ገብተዋል፣ ጨዋታው አሁን ቢቀር ጀውሀራ እንደረታችኝ ይቆጠራል ብዬ ነው። አርባ ቀን ሙሉ ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ እታለም። ያ ብቻ ነው።

እሑድ ወደ ሜዳ ልንወርድ ስንል እንዳለው ወደ ጎን ጠራኝ። «አያ፣ ሆዴ ልክ አይደለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ወጥቻለሁ። ባልጫወትስ?» አለኝ። አሥራ አምስት ቀን ሽሮና ጎመን ስትበላ ከርመህ ትናንት በዶሮው ላይ እንደዚያ ስትዘምት ምን ልትሆን ኖሯል፣ ፆም የፈታ ሆድ ሁሉ ይጮኻል አልኩት። ያን ሰሞን በየቤቱ የሚባለው ይኸው ነበር፤ የታመመ ሁሉ ፆም መፍታቱን ነበር የሚያማርረው። ሳቀልኝ። ቀጥሎ፣ «ሰውየው መጥቷል? የትኛው ነው?» አለኝ።

እውነቱን መናገር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። ዓይኔን ሳነሣ ከዳኞቹ ጠረጴዛ አጠገብ ባርኔጣ ያደረገ እንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ማን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ለመንገድ ሥራ የመጣ ቀያሽ ነው፣ ዓርብ ዕለት አብያተ ክርስቲያናቱን ያስጎበኘሁት እኔው ነኝ። «ያ ባርኔጣ ያደረገው ነው» አልኩት። እየጠቆምኩ ማውራት ሥራዬ ስለሆነ ድምፄ እንኳ አልተለወጠም።

ከዚያ በኋላ ስለ ሆዱ አላነሣም። ሁለቴ ከሜዳ ወጥቶ ወደ ቁጥቋጦው ሮጦ ተመለሰ፤ ተመልካቹ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ጨዋታው ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ከግራ ክንፍ ሁለት ሰው አልፎ አገባ። ልጆቹ ሊያቅፉት ሲሮጡ እሱ ወደ እኛ አልዞረም። ወደ ባርኔጣው ዞሮ እጁን አነሣ። ቀያሹ ግራ ገብቶት ወደ ኋላው ተመለከተ፤ ከዚያ ጨዋ ሰው ነውና ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ መለሰለት። የወንድማችንን ፊት እንደዚያ ሲበራ አይቼው አላውቅም።

አንድ ለባዶ አሸነፍን። እኔ ከእንግዶቹ ጋር ስጨፍር አመሸሁ፣ እሱ ደከመኝ ብሎ ወደ እማዬ ቤት ሄደ። ሰኞ ጠዋት ባለቤቴ አሰለች ከእማዬ ቤት እየሮጠች መጥታ ጠራችኝ። ተሸክመን ድንኳኑ ስናደርሰው ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ የእጁ ቆዳ ሲቆነጠጥ እንደተቆነጠጠ ይቀር ነበር። ጀውሀራ ጉሉኮስ ልትሰካ ደም ሥሩ ጠፋባት፤ በአንዱ እጅ ሞከረች፣ በሌላው ሞከረች። «መቼ ነው የጀመረው?» ብላ ስትጠይቀኝ «ማታ» አልኳት። እንዳለው ሰምቶኛል። ዓይን ዓይኔን አየኝ እንጂ አላጋለጠኝም።

ረፋድ ላይ ትንሽ የተሻለው መሰለ። «አያ፣ ሰውየው ምን አለ?» አለኝ። ወዶሃል፣ ስምህን ጽፎ ወስዷል አልኩት። እማዬ ራስጌው ተቀምጣ ነበርና ሰማች። እሱም፣ «እንግዲያው ክፍሉን ጀምሩት» አለ። ቀትር ሳይሆን አረፈ።

ከሁለቱ ቡድን ዘጠኝ ሰው ታመመ። የብልባላው በረኛ ደባሱ በቃሬዛ ተወስዶ ለጥቂት ነው የተረፈው። ለአርባው ከስቶ፣ ምርኩዝ ይዞ መጣና እግሬ ላይ ሊወድቅ ፈለገ። እንዳለው ወደ ቁጥቋጦው ሲሮጥ ስቄበት ነበር፣ ይቅር በለኝ አለኝ። ይቅር ብዬሃለሁ አልኩት። አስቢው እታለም፣ ይቅር ባይ የሆንኩት እኔ ነኝ። መሪጌታም ከዚያን ቀን ወዲህ በምንም ጉዳይ ላይ እጃቸውን አያወጡም፤ በእኔ እጅ ነው ልጁ የሞተው እያሉ ለንስሐ አባታቸው ያለቅሳሉ አሉ። ስለ ስልኩ ልነግራቸው ሁለቴ በራቸው ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ይህችን ከጻፍኩልሽ በኋላ ግን መመለሻ የለኝም፣ ነገ እሄዳለሁ። ለጀውሀራም እነግራታለሁ። የሚያደርጉኝን ያድርጉኝ።

ያቃተኝ እማዬ ናት። በለቅሶው ላይ «ክለብ የመረጠህ፣ ስምህ ደሴ የገባ» እያለች ደረቷን ስትመታ ሴቶቹ ሁሉ ይቀበሏት ነበር። አሁን አገሩ በሙሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ያቺን አንድ ነገር ከእጇ ላውጣባት? ወይስ እስከ መቃብሬ ውሸቴን ስታለቅስበት ልስማት? አንቺ እናትም እህትም ነሽ፣ ፍረጂኝ። ብትረግሚኝም በደብዳቤ ርገሚኝ፣ ዝም ብቻ አትበይኝ።

ባለቤቴ አሰለች እግዚአብሔር ያጽናሽ ትልሻለች፤ የእንዳለውን ልብስ ያጠበችው እሷ ናት። ልጃችን እምነት ሰላም ትልሻለች፣ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ገብታለች። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ በጸሎት አስቤሻለሁ ብለውሻል። ጽጌማርያምና ጎረቤት ሁሉ ስምሽን እየጠራ ይጠይቃል። እማዬ አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ጥጥ ትፈለቅቃለች። ምን ልጻፍልሽ ብላት ዕንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «ክለቡ መርጦት እንደነበር ጻፍላት፤ ያንን ካወቀች ትጽናናለች» አለችኝ። እሺ ብያታለሁ፣ ጽፌዋለሁ። በስልክ ስትጠይቅሽ የምትመልሺላት ያንቺ ነው።

ወንድምሽ አረጋ

ላሊበላ፣ መስከረም 28 ቀን 2002 ዓ.ም.